በቁሙ ስለቀበራችሁት ውሻ

ለክቡር አቶ ዮሴፍ ደረጀ
የ«ባለውለታ» የእንስሳት መጠለያ ማኅበር ዳይሬክተር
ሐረር

ክቡር ሆይ፣

ይህ ጽሑፍ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ቤተሰብዎን በሰላም፣ የመጠለያውን ውሾች በጥጋብ፣ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን የምስክር ወረቀቶችም አቧራ ሳይነካቸው እንዲያገኝልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከደም ግፊቴ በቀር ደህና ነኝ፤ በደም ግፊቱም ቢሆን፣ ወደ በኋላ እንደምገልጸው አንድ እውነት እንዳውቅ ስለረዳኝ አላማርርበትም።

በአደባባይ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በፖስታ አሽጌ ልኬ፣ ጸሐፊዎ ብሌን ፈርማ ተቀብላለች። መልስ ያጣሁት ከሥራ ብዛት የተነሣ የግል ደብዳቤ የሚያነቡበት ጊዜ ስላላገኙ መሆን አለበት ብዬ፣ ሌላው ሰው አንብቦ እንዲያስታውስዎ በማሰብ በጋዜጣ በኩል መጥቻለሁ።

ማንነቴንም ዘንግተው እንደሆነ፣ ዕፀገነት እባላለሁ። ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ባለው ሰፈር የምኖር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ባለቤቴ አቶ ለገሠ ካረፈ ሦስተኛ ዓመቴን የያዝኩ ሴት ነኝ። ካስተማርኳቸው ልጆች መካከል ሰባተኛ «ለ» ክፍል መስኮቱ ሥር ይቀመጥ የነበረ፣ አንድ ቀን ክንፏ የተሰበረ እርግብ በደብተር ቦርሳው ይዞ መጥቶ ክፍሉን ያስረበሸብኝ ዮሲ የሚባል ልጅ ነበር። ያን ልጅ አንተ እለው ነበር። እርስዎን ግን አንቱ ብያለሁ፤ ሰው የማያውቀውን ሰው አንቱ ነውና የሚለው።

አንደኛ፣ ስለሰጡኝ ውሻ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ደውለው ቤቱ ብቻዬን እንዳልከበደኝ ሲጠይቁኝ፣ ቀጥለውም ደጅ የሚጠብቅና ሰው የሚወድ ውሻ እንዳለዎ ሲነግሩኝ፣ የእርግቧ ልጅ አላደገም ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ውሻው መልኩ ዳማ፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የተቀደደ፣ ሲያናግሩት አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጥ ነበር። ጎዳና ላይ ተጥሎ መገኘቱን፣ ባለቤት የሚባል እንደሌለው በወረቀት ላይ ፈርመውና ማኅተም አድርገው አስረከቡኝ። ፎቶግራፍም ተነሣን። ያ ፎቶግራፍ በኋላ የሰው ቁመት አክሎ ታትሞ በቢሮዎ መግቢያ ተሰቀለ፤ እኔ ጥርሴን ገልጬ፣ ውሻው ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ፣ ከሥራችንም «ጥለውት ሄዱ፤ እኛ አነሣነው» የሚል ጽሑፍ ተጽፎ። ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶችዎ ከሥዕሉ ሥር አቁመው ሲጨብጡኝ ደስ እንዳለኝ አልክድም። ደግ ሴት መባል ለጡረተኛ ቀላል ነገር አይደለም።

ዳማ ብዬ ጠራሁት። ከአቶ ለገሠ ወንበር ሥር መተኛት የጀመረው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ማንም አላሳየውም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ራት የምበላው ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ነበር፤ እሱ ከመጣ በኋላ ግን ሳህኔን ይዤ ሳሎን መቀመጥ ጀመርኩ። ይህን የማነሣው ውለታዎን አሳንሼ እንዳልናገር ነው፤ የሰጡኝ ነገር የእርስዎ ባይሆንም እንኳ መልካም ስጦታ ነበርና።

ሁለተኛ፣ ስለ ሙያዊ ምክርዎ አመሰግናለሁ።

ዳማ አንድ አመል ነበረበት። ጠዋት የግቢው በር እንደተከፈተ ሾልኮ ይወጣና፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ሳያመነታ ሄዶ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለችው ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ዓይኑን ከበሩ አይነቅልም። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ከኋላው እሮጣለሁ፣ አንገቱን ይዤ እጎትታለሁ። አይነክሰኝም፣ አያጉረመርምም፤ ክብደቱን ሁሉ መሬት ላይ ጥሎ ይቀመጣል እንጂ። አንዳንድ ጊዜ ወደ ሕንጻው አቅጣጫ ሁለት ሦስቴ ይጮህና ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። እግሬ ሲደክመኝ ለእርስዎ ደወልኩ።

እርስዎም በሚታወቁበት ትዕግሥት ረጅም ጊዜ ወስደው አስረዱኝ። ውሻ በተደበደበበት ቦታ ላይ ልቡ እንደሚቀር፣ ይህም ውሻ እዚያ በር ላይ በድንጋይ እንደተወገረ፣ ሕመሙን ፍለጋ እንደሚመለስ፣ ብቸኛው መድኃኒት እስኪረሳ ድረስ ማሰር መሆኑን ነገሩኝ። በዕድሜዬ እንስሳ አስሬ የማላውቅ ሴት ሰንሰለት ገዛሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት አለቀሰ። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ማለቱን ስነግርዎ «አላልኩዎትም ቲቸር?» አሉኝ፤ እኔም አላልከኝም አላልኩም። አምስት ወር ታሰረ።

ሦስተኛ፣ ሐዘኔን ለማቃለል ስላደረጉት ጥረት አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ግን ትንሽ ማብራራት ይፈልጋል።

ግንቦት ላይ የደም ግፊት ቀጠሮዬ ደረሰ። ውሻው ረስቷል ብዬ በሰንሰለቱ ይዤው ሄድኩ። በሆስፒታሉ በር ላይ ናስር የሚባል ጥበቃ አለ፤ ለብዙ ወራት ወደ ጓሮው በር ተመድቦ ቆይቶ በዚያው ሳምንት ወደ ፊት ለፊቱ በር የተመለሰ ሰው ነው። እኔን አላየኝም። ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ውሻውን ትክ ብሎ አየና «ሻምበል?» አለ።

ረስቷል ያልኩት እንስሳ ሰንሰለቱን ከእጄ መንጭቆ ሄደና ፊቱን ናስር ጉልበት ውስጥ ቀበረ።

«ይሄ የሃምሳ አለቃ ሥራዬ ውሻ ነው» አለኝ ናስር። «ወላሂ፣ እኔ ሞቷል ተብሎ ነው የማውቀው።»

ቀጠሮዬን ትቼ ከአጠገቡ ተቀመጥኩና የነገረኝን ሁሉ ሰማሁ። ሃምሳ አለቃ ሥራዬ ሐኪም ጋራ በሚባለው ተራራ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ወታደር ናቸው። በመስቀል ማግስት የቤታቸውን ቆርቆሮ ሲመቱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ጎረቤቶች በባጃጅ ሲያመጧቸው ውሻቸው ከባጃጁ ኋላ እየሮጠ ከተማ ገባ። እሳቸው ወደ ውስጥ ሲገቡ እሱ ውጭ ቀረ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ከዛፏ ሥር ተቀመጠ፤ ናስር ከምሳው ዳቦ እየቆረሰ ይሰጠው ነበር። በሃያኛው ቀን የመጠለያው መኪና መጣች። ናስር ቆሞ ተናገረ፤ ባለቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተኝተዋል፣ አልተጣለም፣ እየጠበቀ ነው አለ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ጥሩ ነው፣ ገብቶኛል አለውና መጀመሪያ ፎቶ አነሣ፤ ቀጥሎ ውሻውን አነሣ። ሰውዬው ምን ይመስላል ብዬ ጠየቅኩት። አጠር ያለ፣ መነጽር ያደረገ ነው አለኝና ትንሽ አሰብ አድርጎ «በጣም ትሁት ነው» አለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮዎ መጣሁ። እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ባለቤት እንደነበረው አመኑልኝ። ነገር ግን ሰውዬው ከሆስፒታል በወጡ በሳምንታት ውስጥ እንዳረፉ፣ ይህንንም የደበቁኝ ባሌን ቀብሬ ብዙም ያልቆየሁ ሴት በሌላ ሰው ሞት እንዳልጨነቅ አስበው መሆኑን ነገሩኝ። «ነፍስ ይማር» አልን ሁለታችንም።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ካልጻፍኩ ደብዳቤው ጎደሎ ይሆናል። ወደ ቤቴ ስመለስ ቀለል ብሎኝ ነበር። ውሻው የእኔ ሆነ፤ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ከመንገድ ላይ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ገዝቼ አበላሁት። የሰው ሞት ሰምታ ሥጋ የገዛች ሴት ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት፤ የገዛሁት ግን እኔ ነኝ።

በዘጠነኛው ቀን ናስር በሬን አንኳኳ። ሃምሳ አለቃ ሥራዬ በዚያ ጠዋት በክራንች ለክትትል መጥተው ነበር። ማረፋቸውን ነግሬው ስለነበር፣ ሰላም ሲሉት ደንግጦ ስለ ውሻው ሳይነግራቸው ቀረ። እኔን «እርስዎ ይንገሯቸው፤ እኔ አልቻልኩም» አለኝ።

ቅዳሜ ባጃጅ ተኮናትሬ ከውሻው ጋር ሐኪም ጋራ ወጣሁ። መንገዱ ሽቅብ ሲታጠፍ ውሻው ከእግሬ ሥር ተነሥቶ መቆም ጀመረ። ሃምሳ አለቃ ሥራዬ ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ክራንቻቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር። ውሻው ይሮጣል ብዬ ነበር፤ አልሮጠም። ቀስ ብሎ ሄዶ መጀመሪያ ክራንቹን አሸተተ፣ ከዚያ የተሰበረውን እግር፣ ከዚያ ዞሮ ከጎናቸው ተኛና ጀርባውን አስደገፈ። ሰውዬው በቆሎውን አስቀምጠው እጃቸውን ጀርባው ላይ ጫኑ።

«ሞቷል አሉኝ እኮ» አሉ።

ተቀመጭ አሉኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ሐረር ተወልዶ ስድብ የማያውቅ የለም። እሳቸው ግን ጠብቀሽልኛል ብለው አመሰገኑኝ። ያን ምስጋና መሸከም ስላልቻልኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሥዕሉን፣ ሰንሰለቱን፣ አምስቱን ወር፣ ሥጋውን ሳይቀር። እሳቸውም አልጋቸው በመስኮት በኩል እንደነበረ፣ ኅዳር ላይ አንዳንድ ጠዋት የውሻ ጩኸት ሰምተው ነርሷን የእኔ ነው እንዳሏት፣ እሷም በደግነት አባባ ሐረር ውስጥ ስንት ውሻ አለ ብላ ብርድ ልብሱን እንዳስተካከለችላቸው ነገሩኝ። በእነዚያ ጠዋቶች ያን ውሻ በአንገቱ እየጎተተች ስትወስድ የነበረችው ሴት እኔ ነኝ።

ስሙን ጠየቅኳቸው፤ ሃምሳ አለቃ ሆነው ውሻቸውን ሻምበል ያሉት ጡረታ ቢወጡም የሚያዛቸው አለቃ እንዳያጡ ነው። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ከባጃጁ ሲያወርዱኝ ቁጭ በል፣ እዚህ ጠብቀኝ አልኩት። እሱ ትእዛዝ ነው የፈጸመው።»

ክቡር ዳይሬክተር፣ ቀጥሎ ላለው ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

ሃምሳ አለቃ ሥራዬ ከሆስፒታል የወጡት ገና ሊደርስ ሲል ነው። በዓሉ እንዳለፈ፣ የመጠለያው መኪና ውሻውን እንደወሰደችው ናስር የነገራቸውን ይዘው በሁለት ክራንች እርስዎ ግቢ ድረስ መጡ። በሽታ ገብቷል ተብለው ከበሩ አላለፉም፤ ቢያልፉ ኖሮ ሥዕሉን ያዩት ነበርና ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ። እርስዎ ወጥተው ውሻው በዚያ በሽታ መሞቱን ነገሯቸው። የት እንደተቀበረ ጠየቁ። እርስዎም ከአጥሩ ውጭ ቁልቋሉ አጠገብ ያለውን ቦታ በጣትዎ አሳዩአቸው። እሳቸውም ጅብ እንዳያወጣው ብለው ድንጋይ መልቀም ጀመሩ። አንዱን ክራንች ጥለው፣ በአንዱ ተደግፈው፣ ጎንበስ ባሉ ቁጥር አንድ ድንጋይ ብቻ እያነሡ፣ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ባዶ መሬት ላይ ድንጋይ ከመሩ። ሲጨርሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ያን ሰዓት ሻምበል ከዚያ ግቢ በእግር ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ እኔ ቤት ታስሮ ነበር።

ይህን ሲነግሩኝ እርስዎን አልከሰሱም። «ጥሩ ልጅ ነው፤ ፀሐይ ላይ ስሠራ አይቶ ውሃ አመጣልኝ» ነው ያሉት።

ሰኞ ዕለት ቢሮዎ መጥቼ ስለ ውሃው ጠየቅኩዎ። አልካዱም፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ለውሻው የተሻለ ቤት እንደመረጡለት፣ ብቻውን የሚኖር ሽባ ሽማግሌ ውሻ መንከባከብ እንደማይችል፣ በእኔ ምክንያት ስንት ሰው መጠለያውን እንዳወቀው ዘረዘሩልኝ። ልሄድ ስነሣ ግን እውነተኛውን ተናገሩ።

«ቲቸር፣ ታሪኩ ወጥቶ ነበር። ሰው ሁሉ አንብቦታል። እንዴት አድርጌ ልመልሰው?»

ዮሲ፣ አንድ ሰው ባዶ መሬት ላይ ድንጋይ ሲከምር ቆመህ እያየህ፣ ውሃ ለማምጣት የቻለ እግርህ፣ አፍህን ከፍቶ «ይተዉ አባቴ» ለማለት እንዴት አነሰህ? ይቅርታ ያድርጉልኝ ክቡር ዳይሬክተር፣ እግር አፍ አይከፍትም፤ ሲናደዱ ቋንቋ ይበላሻል።

ሻምበል አሁን ከባለቤቱ ጋር ነው። እኔ በዚያ ቅዳሜ ሰንሰለቱን ጭኔ ላይ ይዤ ወረድኩ፤ የባጃጁ ሹፌር ውሻውስ ብሎ ጠየቀኝ፣ ቤቱ ነው አልኩት። አልፎ አልፎ አጥንት ይዤ እወጣለሁ። ግማሽ መንገድ ድረስ ይቀበለኝና ዞሮ ወደ ሃምሳ አለቃ ያያል፤ እሳቸው ራሳቸውን ሲነቀንቁለት ብቻ ወደ እኔ ይመጣል። እውነት ለመናገር ይህ ያመኛል። ቢሆንም በእኔ ቤት ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ ቀና ብሎ ሲራመድ አላየሁትም።

ከትሕትና ጋር የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። ከመግቢያዎ ላይ ሥዕሉን ያውርዱልኝ፤ ማንም ማንንም ጥሎ አልሄደም። ሁለተኛው ከበድ ይላል። ሃምሳ አለቃ ሥራዬ እስከ ዛሬ ድረስ ሌላ ውሻ ሞቶ እርስዎ ተሳስተው ነው የሚል እምነት አላቸው። እኔ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘግቼዋለሁ፤ ውሃ የሰጣቸውን ልጅ ልነጥቃቸው አልፈለግኩም። ማረሙ የእርስዎ ፋንታ ነው። ጋዜጣ አያነቡም፤ ነገር ግን ጎረቤቶቻቸው ያነባሉና፣ ይህን ጽሑፍ ሰው ሳያነብላቸው ቀድመው ቢደርሱ መልካም ይመስለኛል። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ እሳቸው ወደ እርስዎ የመጡት ግን በሁለት ክራንች ነው።

ለእንስሳት ያለዎት ርኅራኄ በሰዎችም ላይ ትንሽ እንዲተርፍ፣ ማኅበርዎም ስሙን የሚያክል ሥራ ለመሥራት ዕድሜ እንዲሰጠው እየተመኘሁ፣ አንድ ልጅ በትክክል እንዳስተማርኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ባመነ ልብና ስሕተቱን ለማረም በዘገየ እጅ፣ ከማክበር ጋር እፈርማለሁ።

ዕፀገነት ወልደየስ
ጡረተኛ መምህርት
ሐረር፣ ሐምሌ ወር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ልልክ ስል ጸሐፊዎ ብሌን ደወለችልኝ። አርአያ የምሆን አሳዳጊ ስለሆንኩ ሌላ ተጥላ የተገኘች ነጭ ውሻ ተመርጣልኛለችና መጥቼ እንድረከብ ነገረችኝ። የት ተገኘች ብዬ ስጠይቅ እህል ወፍጮው ደጅ አለችኝ። ሩብ ሰዓት በእግሬ ሄጄ ወፍጮ ቤቱን ጠየቅኩ። ባለቤቱ አቶ በቀለ አራት ቀን ሙሉ ሲፈልጋት ሰንብቷል፤ ከማሽኑ ጀርባ በማዳበሪያ ላይ ዓይናቸው ያልተገለጠ አምስት ቡችሎች ትታለች፣ እሱም ወተት በጨርቅ እያጠባቸው ነው። የዚህን ጽሑፍ ግልባጭ ዛሬውኑ ለብሌን አደርሳለሁ፤ እሱ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከበርዎ ይደርሳል። እባክዎ ሞታለች እንዳይሉት፤ እኔም አብሬው ነው የምመጣው።